ማንም ቧንቧ ሳይከፍት የሞተርሆማችን የውሃ ፓምፕ ሌሊት ይነሳል፣ ምን ላድርግ?

የኦሮራዋ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምታውቁ እርዱኝ። ዓምና እኔና ባለቤቴ ያገለገለ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና፣ ገዛን፣ የ2014 ሞዴል። የምንኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዘን ወደ ተራራው እንወጣለን። መኪናውን በጣም ነው የወደድኩት፣ ልጆቹም ከቤታቸው ይልቅ እዚያ ውስጥ ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። የውሃው ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግላሲየር ቤዚን የሚባለው ካምፕ ሁለት ሌሊት አደርን። እዚያ መኪና ላይ የሚሰካ የውሃ መስመር የለም፣ ስለዚህ ከቤት 40 ጋሎን ሞልተን ነው የወጣነው። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ውጭው ጭር ብሏል። ድንገት ከአልጋው ሥር ድርርር ይላል። ሁለት ሰከንድ ያህል ነው፣ ከዚያ ጸጥ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ እንደገና ድርርር። ተነስቼ በስልኬ መብራት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፣ የሚንጠባጠብ የለም። ሽንት ቤቱን አየሁ። ወለሉን በእጄ ዳበስኩት፣ ደረቅ ነው። መጨረሻ ላይ የፓምፑን ማጥፊያ ተጭኜ ተኛን።

ሌላም ነገር አለ፣ ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ቤት ስንመለስ ውስጡን ላጸዳ ብዬ የግቢውን የውሃ ጎማ ሰካሁበት። ፓምፑ ጠፍቷል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ስወጣ ከመኪናው ሥር ውሃ ይወርዳል። ቧንቧ ፈነዳ ብዬ ክው አልኩ። ለካ የንጹህ ውሃው ታንክ ሞልቶ በመተንፈሻው እየፈሰሰ ነው። እኔ ደግሞ የታንክ መሙያውን ጨርሶ አልነካሁትም!

አንድ ጥገና ቤት ደውዬ ነበር። መኪናውን ሳያዩ "ፓምፑ አልቋል፣ መቀየር አለበት" አሉኝ። የእጅ ብለው የጠሩት ከፓምፑ ዋጋ ይበልጣል። ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ካቻቪቴ መያዝ አልፈራም፣ ቤት ውስጥም ብዙ ነገር የምጠግነው እኔ ነኝ። ግን ከየት ልጀምር? እውነት ፓምፑ አልቋል ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ቧንቧ ሠሪ ከቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ ሁለቱ ነገሮች በደንብ ይገናኛሉ። ስለ ታንኩ ባትጽፊ ኖሮ በግምት ነበር የምናወራው። ፓምፑን ገና አትጣዪው።

አሠራሩን ላስረዳሽ፣ እሱ ከገባሽ ቀሪውን ራስሽ ታገኚዋለሽ። አልጋው ሥር ያለው ፓምፕ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ያለውን የላስቲክ ሽፋን፣ ዲያፍራም የሚሉትን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋዋል። ውሃውን ከታንክ ስቦ ወደ ቧንቧው የሚልከው እሱ ነው። አናቱ ላይ ደግሞ ግፊት እያየ የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች አለ። ግፊቱ 55 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ያጠፋዋል፣ ወደ 40 ሲወርድ ያስነሳዋል። ቁጥሩ ከፓምፕ ፓምፕ ይለያያል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ቧንቧ ስትከፍቺ ግፊቱ ይወርድና ፓምፑ ይነሳል፣ ስትዘጊ ግፊቱ ይሞላና ይቆማል።

እንግዲህ ሌሊት ሁለት ሰከንድ ሠርቶ ቆመ ማለት፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ወርዶ መነሻው ላይ ደረሰ፣ ፓምፑ ሞላውና ዝም አለ ማለት ነው። ፓምፑ የታዘዘውን ነው የሠራው። መጠየቅ ያለብን ግፊቱ በየት ወጣ ብለን ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ ሥራዬ ይሄው ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ሮቶ፣ ከሮቶው አጠገብ ፓምፕ። ሰው ይደውልልኛል፣ "ፓምፑ ሌሊት ሌሊት ራሱን እያስነሳ አስቸገረን፣ መጥተህ ቀይርልን" ይላል። ሄጄ የሽንት ቤቱን ታንክ ክዳን ሳነሳ የውስጡ ላስቲክ አልቆ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ አገኘዋለሁ። ላስቲኩን ቀይሬ እወጣለሁ። ፓምፑን አልነካውም። ሰው ግን የሚጮኸውን ዕቃ ነው የሚጠረጥረው፣ ምክንያቱም የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፣ የሚያፈሰው ድምፅ የለውም።

ያንቺ ሽንት ቤቱ አይመስለኝም፣ አይተሽዋልና። ያንቺ ውሃ ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። ፓምፑ ውስጥ ውሃ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክል ትንሽ በር አለ፣ ቼክ ቫልቭ ይሉታል። እሱ በደንብ ካልተዘጋ የተገፋው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ተመልሶ ታንክ ይገባል። ወለሉ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው፣ ውሃው ወደ መጣበት ነው የሄደው። የግቢውን ጎማ ስትሰኪ ደግሞ የከተማው ግፊት በዚያው በር በኩል እየገፋ ታንኩን ሞላልሽ። ሁለቱንም ያመጣው አንድ በር ነው።

ማረጋገጥ ትችያለሽ። መጀመሪያ ታንኩን አፍስሺው፣ አለበለዚያ ጎማውን ስትፈቺ ያ ሁሉ ውሃ አልጋ ሥር ይመጣብሻል። ፓምፑን አጥፊና ፊውዙንም ንቀዪ። ከታንክ የሚመጣውን ጎማ ከፓምፑ መግቢያ ላይ ፍቺው፣ ሥሩ ፎጣ አንጥፊበት። ከዚያ አንዱ ልጅ የግቢውን ውሃ ቀስ አድርጎ ይክፈት፣ አንቺ የፓምፑን መግቢያ አፍ እዪ። ለአሥር ደቂቃ ደረቅ ከሆነ ቫልቩ ደህና ነው፣ ሌላ እንፈልጋለን። ጠብ ካለ ግን አገኘሽው። የግቢውን ውሃ ስትሰኪ ሁልጊዜ ግፊት መቀነሻ ይኑርበት፣ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ወዳለው የሚያወርደው። አንዳንድ ሰፈርና አንዳንድ ካምፕ ላይ ግፊቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ የመኪናው ፊቲንግ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያው ማለቴ ነው፣ ደግሞ እንደ ቤት ቧንቧ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከመሥራትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ክፈቺ። የፓምፑ መግቢያ ላይ ውስጡ የሚያሳይ ብርጭቆ የመሰለ ክዳን ያለው ትንሽ ማጣሪያ አለ። ፈትተሽ ምን እንዳለበት ንገሪን።

ረጅም መንገድ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ፓምፕ ከሆነ ብታጸዳውም ባታጸዳውም ሁለተኛ ፓምፕ መኪናው ውስጥ ይኑር። ብዙ መኪና ላይ ያለው ሹርፍሎ 4008 የሚባለው ነው፣ 12 ቮልት፣ በደቂቃ 3 ጋሎን፣ 55 ፒኤስአይ። ዋጋው መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ሁለት ሽቦ፣ ሁለት ጎማና አራት ብሎን ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ሲሞትብሽ መቶ ዶላሩ ትዝ አይልሽም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ዩታ፣ ሞአብ በረሃው ውስጥ ሆኜ ፓምፔ ጨርሶ አልነሳ አለኝ። ድምፅ የለም፣ ምንም የለም። በጋ ነው፣ ቤተሰብ ይዣለሁ። ታንኩ ሙሉ ነው፣ ግን አንዲት ጠብታ ማውጣት አልቻልኩም። ሁለት ቀን በተገዛ ውሃ ኖርን። ከተማ ገብቼ አዲስ ፓምፕ ገዛሁና ቀየርኩ። አዲሱም አልነሳም! ያን ጊዜ ነው ቴስተር ያወጣሁት። ፊውዙ ደህና ነው፣ ማብሪያው ላይ 12 ቮልት አለ፣ ፓምፑ ጋ ግን ምንም የለም። ለካ የመሬት ሽቦው፣ ሻሲው ላይ የታሰረበት ብሎን፣ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። በብሩሽ ፈግፍጌ መልሼ ሳስረው አሮጌው ፓምፕ ሳይቀር ተነሳ።

ስለዚህ ፓምፕ አልነሳ ሲል ወይም ሲደክም መጀመሪያ ቮልቱን ለኪ፣ ያውም ፓምፑ እየሠራ፣ ሽቦው ፓምፑ ላይ በሚገባበት ቦታ። ባትሪው ላይ 12.5 አይተሽ ፓምፑ ጋ 10 ከሆነ ችግሩ ሽቦው ወይም ግንኙነቱ ላይ ነው። በአነስተኛ ቮልት የሚሠራ ሞተር ይግላል፣ ቀስ እያለም ይቃጠላል።

ስለ ጩኸቱም አንድ ነገር ልበል። ፋብሪካው ፓምፑን ስስ ጣውላ ላይ በብሎን ጠርቆ ያስረዋል፣ ጣውላው ደግሞ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከሥሩ ያሉት የላስቲክ እግሮች እንዲሠሩ ብሎኖቹን ትንሽ አላሊያቸው፣ ላስቲኩ እስኪጨፈለቅ አይጠበቅም። ከፓምፑ የሚወጣው ደረቅ የፕላስቲክ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር የሚነካካ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሜትር በሚተጣጠፍ ጎማ ቀይሪው። እኔ ያንን አድርጌ ድምፁ ግማሽ ሆነልኝ።

የፍራንክፈርቱ፦

እዚህ ጀርመን ያላችሁ ካላችሁ፣ የእኛ መኪናዎች ብዙዎቹ እንደ አሜሪካኖቹ አይደሉም። ብዙ ካራቫንና ሞተርሆም ላይ ፓምፑ አልጋ ሥር የለም፣ ታንኩ ውስጥ ጠልቆ ነው ያለው፣ እጅ የሚያክል ነገር ነው። ግፊት የሚያይ ስዊችም የለውም። ቧንቧውን ከፍ ስታደርጉት እጀታው ሥር ያለች ትንሽ ስዊች ናት ፓምፑን የምታስነሳው። ስለዚህ ማዕድ ቤቱ ውሃ እየሰጠ ሻወሩ እምቢ ካለ ፓምፑን አትፈልጉ፣ የሻወሩ ቧንቧ ውስጥ ያለችው ስዊች ናት የሞተችው። ታንኩ ባዶ ሆኖ ደግሞ ቧንቧውን ከፍታችሁ አትተዉት፣ እነዚህ ፓምፖች ውሃ ውስጥ ሆነው እንዲሠሩ ነው የተሠሩት፣ በደረቁ ቶሎ ያልቃሉ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው አለ። ትሩማ የሚባለው የውሃ ማሞቂያ ያላችሁ፣ በብርድ ጠዋት ተነስታችሁ ከመኪናው ሥር ውሃ ፈሶ ካገኛችሁ የተበላሸ ነገር የለም። ፍሮስት ኮንትሮል የምትባለው ቫልቭ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማሞቂያው እንዳይሰነጠቅ ራሷ ተከፍታ ውሃውን ታፈሰዋለች። ፓምፑ ክፍት ከነበረ ታንኩ ሁሉ ይሄዳል። መልሳችሁ ለመዝጋት አካባቢዋ ከ7 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፣ በግድ አትጫኗት። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ቫልቯን በጣቴ ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፣ መጀመሪያ መኪናውን ማሞቅ ነበረብኝ።

የኦሮራዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እንደተመለስኩ ጀመርኩት። የሆነውን ልንገራችሁ።

ማጣሪያውን ስፈታ ብርጭቆው ውስጥ በነጭ ፕላስቲክ ጭራሮ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። እርሳስ ስንቀርጽ የሚወጣውን ጥቅልል ታውቁታላችሁ፣ እንደዚያ ሆኖ ቀጭን፣ የተጠቀለለ፣ አንዳንዱ እንደ ጥፍር ቁራጭ ነው። ከየት መጣ ብዬ ግራ ገባኝ፣ ማንም ፕላስቲክ ታንኩ ውስጥ አልጨመረም። አጥቤ መልሼ ገጠምኩት።

ከዚያ ሙከራውን አደረግሁ። ታንኩን አፈሰስኩ፣ ፊውዙን ነቀልኩ፣ ጎማውን ፈታሁ፣ ግፊት መቀነሻውን አድርጌ የግቢውን ውሃ ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የፓምፑ አፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ወደቀች። ሌላ መጣች። ከዚያ ሳታቋርጥ ቀጠለች! ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

አሁን ፓምፑን ልክፈተው ወይስ ልቀይረው? ልክፈተው ብል ምን ልጠንቀቅ? ፕላስቲኩስ ከየት ነው የመጣው?

ቧንቧ ሠሪ ከቨርጂኒያ፦

ጎበዝ። ፕላስቲኩ ከታንኩ ነው። ፋብሪካ ላይ ታንኩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የቧንቧ ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ይበሱታል፣ ፍቅፋቂው ውስጡ ይወድቃል። ማጠብ አለባቸው፣ ብዙ ጊዜ አይታጠብም። መንገድ ላይ ውሃው ሲናጥ ትንሽ ትንሹ እየተነሳ ማጣሪያው ላይ ይመጣል። ማጣሪያው ትልልቁን ይይዛል፣ ቀጭኗ ደግሞ በጎን ታልፋለች። አንዷ ቫልቩ ሥር ተቀርቅራ ይሆናል የምትገኘው።

ክፈቺው። ውሃውን ዝጊና ግፊቱን በአንድ ቧንቧ አስወጪ። ፓምፑን ከቦታው አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ጨለማ ውስጥ ተጎንብሰሽ አትሥሪ። ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ከዚያ የአናቱን ብሎኖች ፍቺ። ክዳኑን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አንሺው እንጂ አትገልብጪው፣ ስፕሪንግና ትናንሽ ላስቲኮች አሉበት። መውጫው በኩል ያለውን ቫልቭ ፈልጊ። የሚነካካው ፊት ላይ ቆሻሻ ካለ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ በስለት አትፍቂው። ላስቲኩ ተሰንጥቆ ወይም ተጣሞ ከሆነ ያኔ ያ ወንድማችን እንዳለው ቀይሪው፣ ባስቸገረ ነገር ቀን አታጥፊ። ስትገጥሚ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅሽ እኩል አጥብቂያቸው።

ከታንኩ ጋር ደግሞ አንድ ሥራ አለሽ። እስከ ግማሽ ሙዪውና ዘወር ዘወር ብለሽ ንጂው፣ ማዞሪያና ፍሬን ያለበት መንገድ ላይ። ከዚያ ወዲያው በትልቁ ማፍሰሻ ልቀቂው። ሁለት ሦስቴ ብታደርጊው ብዙው ይወጣል። ማጣሪያውን ለጥቂት ጉዞ በየመመለሻሽ ክፈቺው።

ከሲያትል፦

እኔ የምጨምረው ታንኩን ካጠባችሁ አይቀር በበረኪና እጠቡት። መኪናው ያገለገለ ነው፣ ታንኩ ውስጥ ውሃ ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም፣ ልጆቹም ይጠጡታል። ሽቶ ያልተጨመረበትን በረኪና ነው የምትጠቀሙት። ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ፣ ለእናንተ 40 ጋሎን ሁለት ሦስተኛ ኩባያ አካባቢ ይሆናል። በባልዲ ውሃ አቅጥናችሁ ነው የምትጨምሩት፣ እንዲሁ አይደፋም። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ካለ መጀመሪያ ይውጣ። ታንኩን ሙሉ፣ ፓምፑን አስነሱ፣ የቀዝቃዛውንም የሙቁንም ቧንቧ በየተራ የበረኪናው ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ። ውጭ ያለውን ሻወር ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ እሱንም። ሌሊቱን ያድር። ጠዋት አፍስሱና ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ እጠቡት። እኔ በየዓመቱ ጸደይ ላይ አደርገዋለሁ፣ መኪናው ለወራት ከቆመም በኋላ።

ውሃ መሙያ ጎማ ደግሞ ለመጠጥ ውሃ የተሠራውን ነጩን ግዙ። አትክልት የምታጠጡበት አረንጓዴው ጎማ ፀሐይ ላይ ሲውል የላስቲክ ጣዕም ያመጣል፣ ሻይ ሲፈላ እንኳ ይታወቃል።

የኦሮራዋ፦

ሠራ! ከፍቼው ነበር። ጋሼ እንዳሉት ቫልቩ ፊት ላይ አንዲት ነጭ ፕላስቲክ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ በጎኗ ተኝታ ነበር። በጥርስ መፋቂያ ጫፍ አነሳኋት። ላስቲኩ ላይ የእሷን ቅርጽ የያዘ ትንሽ ጭረት ነበረ፣ ግን አልተሰነጠቀም። ጠርጌ ገጠምኩት።

መጀመሪያ ስመልሰው ደንግጬ ነበር። ፓምፑ ይሠራል፣ አይቆምም፣ ቧንቧው ላይ ውሃው ፍ ፍ እያለ ከአየር ጋር ይተፋል። ያበላሸሁት መሰለኝ። ዝም ብዬ ስመለከት የማጣሪያው ብርጭቆ ውስጥ አረፋ ያልፋል። ፈታሁት፣ ኦሪንጉ፣ ማሸጊያው የላስቲክ ቀለበት፣ ከቦታው ወጥቶ ግማሹ ተጨፍልቋል። አስተካክዬ በትንሽ ውሃ አርጥቤ ስገጥመው አረፋው ጠፋ፣ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ግፊቱ ሞልቶ ቆመ። ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ ብዬ ሰማሁት።

ትናንት ማታ ሆን ብዬ ግቢ ውስጥ እዚያው መኪናው ውስጥ አደርን፣ ፓምፑን ክፍት አድርጌ። አንዴም አልተነሳም። ጠዋት የግቢውን ጎማ ሰክቼ ሦስት ሰዓት ተውኩት፣ የታንኩ መጠን ካለበት አልተነሳም።

አሁን የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። አንድ ወይ ሁለት ጉዞ ይቀረናል፣ ከዚያ መኪናው ይቆማል። የቀድሞው ባለቤት "ማፍሰሻዎቹን መክፈት ይበቃል" ብሎን ነበር። እውነት ይበቃል?

ቧንቧ ሠሪ ከቨርጂኒያ፦

አይበቃም እህቴ። ይህን በደንብ አንብቢው፣ ፓምፕ የሚገድለው አገልግሎት ሳይሆን በረዶ ነውና።

ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ማፍሰሻዎቹን ስትከፍቺ ቧንቧው ይወርዳል፣ ፓምፑ ውስጥ ግን አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ይቀራል፣ ማጣሪያው ብርጭቆ ውስጥም እንደዚሁ። እሷ ናት ጸደይ ላይ ክዳኑን ሰንጥቃ የምትጠብቅሽ። እናንተ ጋ ዴንቨር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ በኦክቶበር መጀመሪያ ገደማ ይመጣል፣ ተራራው ላይ ከዚያም ይቀድማል፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ጉዞ ጨርሳችሁ በተመለሳችሁበት ቀን ይሠራ፣ ነገ አይባል።

የሚያስፈልግሽ ሮዙ አንቲፍሪዝ፣ በረዶ መከላከያው ፈሳሽ፣ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ መስመር የሚሸጠው፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት። የመኪና ራዲያተር ላይ የሚጨመረውን አረንጓዴውን ጨርሶ እንዳትነኪው፣ እሱ መርዝ ነው። ለእንደናንተ መኪና ሁለት ሦስት ጋሎን ይበቃል። መጀመሪያ ማሞቂያውን አጥፍተሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ ግፊቱን አስወጪ፣ ከዚያ አፍስሺው። ትኩስ እያለ ብሎኑን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ነው የሚመጣበት። ከማሞቂያው ጀርባ ፈሳሹ ማሞቂያው ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ የሚያደርግ ባይፓስ ቫልቭ አለ፣ እሱን አዙሪው፣ አለበለዚያ ማሞቂያው ብቻውን 6 ወይም 10 ጋሎን አንቲፍሪዝ ይውጥብሻል። ታንኩንና መስመሩንም አፍስሺ።

ከዚያ ፓምፑ ራሱ ይሥራልሽ። ብዙ መኪና ላይ ከፓምፑ መግቢያ አጠገብ አጭር ጎማና ማዞሪያ አለ። ማዞሪያውን ወደ ጎማው አዙሪ፣ ጎማውን አንቲፍሪዙ ጋሎን ውስጥ ንከሪ፣ ፓምፑን አስነሺ። ለፓምፑ ከሚቀርበው ቧንቧ ጀምረሽ ቀዝቃዛውን ከፍተሽ ሮዝ ሲመጣ ትዘጊያለሽ፣ ሙቁን ከፍተሽ ሮዝ ሲመጣ ትዘጊያለሽ፣ እንዲህ እያልሽ እስከ መጨረሻው። ሽንት ቤቱንና የውጭውን ሻወር አትርሺ። በየማጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧ ውስጥም አንድ አንድ ኩባያ ይውረድ። ጸደይ ላይ ያንን ማዞሪያ በሙሉ መመለስሽን አረጋግጪ። በከፊል ከቀረ ፓምፑ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ ኦሪንጉ ላይ ያየሽው ያ መትፋት ተመልሶ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ ይኼኔ ነው ፓምፕ የሚገዛው።

እስከዚያ ድረስ አንድ ልማድ ያዙ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወይም ጥላችሁት ስትሄዱ ፓምፑ ይጥፋ። መንገድ ላይ አንድ ፊቲንግ ቢላላ ፓምፑ ግፊት ወረደ ብሎ ታንኩ እስኪያልቅ ወለሉ ላይ ይገፋዋል። 40 ጋሎን ማለት 150 ኪሎ ነው፣ አንድ ኩንታል ተኩል ውሃ ምንጣፍ ላይ።

ረጅም መንገድ፦

አንድ ነገር ብቻ፣ አንቲፍሪዝ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። አልኮል የበዛበት ርካሹ ዓይነት ላስቲክ ያደርቃል፣ ያቺን ያጸዳሻትን ቫልቭ ይጎዳብሻል። ለባለቤትሽም ሰላምታ አቅርቢልኝ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እቤቱ እንዲህ ያለ ጠጋኝ ሲኖረው ልቡ ያርፋል።

የኦሮራዋ፦

እሺ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። አንቲፍሪዙን ዛሬ ሦስት ጋሎን ገዛሁ፣ ሮዝ፣ ጀርባውንም አንብቤ። ከአልጋው ሥር አጭሯን ጎማና ማዞሪያዋን አገኘኋቸው፣ እስከ ዛሬ የተቆረጠ ትርፍ ጎማ ይመስለኝ ነበር። ትልቋ ልጄ ወረቀት ላይ "ስንሄድ ፓምፑ ይጥፋ" ብላ በአማርኛ ጽፋ በሩ አጠገብ ለጥፋለች። ያቺን ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ አርብ ባለቤቴ ሲመጣ ላሳየው።